አደራ፣ ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ

ሒሳብ ሹም የሌለው መሥሪያ ቤት ሊኖር ይችላል። ዘበኛ የሌለው አለ፤ ውሃ የሌለውማ ሞልቷል። አስጠንቃቂ የሌለው መሥሪያ ቤት ግን በሸገር ምድር እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ወደፊትም የሚገኝ አይመስልም።

ክቡር አስጠንቃቂ ማን እንደሆኑ ለማንም አይጠፋውም። ጠዋት ወንበርህ ላይ ቁጭ ስትል፣ ሻይህ ሳይበርድ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ኢሜይል የሚጠብቅህ ከእሳቸው ነው። «አደራ! አደራ! አደራ!» ብሎ ይጀምራል። ዓለም አይታው የማታውቀው የኮምፒውተር ቫይረስ ወጥቷል። እንዲህ የሚል መልእክት ከመጣልህ እንዳትከፍት፤ ከከፈትክ ኮምፒውተርህ አለቀለት፤ የጎረቤትህም ጭምር። መድኃኒት አልተገኘለትም። ታላላቅ ኩባንያዎች አረጋግጠዋል፤ ታላላቆቹ እነማን እንደሆኑ ግን አይነገርህም። መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፤ «ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ።» ድሮ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን እየጎሰመ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ» ይል ነበር። እሱ እንኳ ማን እንደላከው ያውቅ ነበር።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ከውጭ የገባ ጭነት ከጉምሩክ የሚያወጣ አንድ የትራንዚት ድርጅት አለ። እዚያ ቤት ይህን ታላቅ ሥልጣን የያዙት አቶ አብዱልገኒ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሥራቸው የጭነት ሰነድ ማዘጋጀት ነው፤ ጡረታቸው ተቃርቧል። ሰው አያሙም፣ ቂም አያውቁም፣ የታመመ ሳይጠይቁ፣ ለቅሶ ሳይደርሱ አይቀሩም። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ የደረሳቸውን ሁሉ ያደርሳሉ።

ይህ ጥፋት ደግሞ የሚያርፈው ሳምራዊት ላይ ነው። ሳምራዊት የድርጅቱ «አይቲ» ናት። አይቲ ማለት እዚያ ቤት ኮምፒውተር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፕሪንተሩ፣ ዋይፋዩ፣ ዲቫይደሩ፣ የሻይ ክፍሉ ማፍያ፣ በቃ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የእሷ ነው። ጠዋት ስትገባ ደክሟት ነው የምትገባው፤ ማታ ስትወጣ ምን እንደምትመስል ተዉት።

አቶ አብዱልገኒ ኢሜይሉን ልከው አያርፉም። መድረሱን ለማረጋገጥ በእግራቸው ይመጣሉ።

«ሳምሪ፣ ደረሰሽ?»

«ደርሶኛል፣ ጋሽ አብዱልገኒ።»

«አነበብሽው?»

«ውሸት ነው፣ ጋሽ።»

«ውሸት ከሆነ እሰየው፣ ተገላገልን» ይላሉ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። «እውነት ከሆነስ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያገኘ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ሳምራዊትም ወደ ኮምፒውተሯ ትዞራለች። እሳቸው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ያልፋሉ፤ «ደረሰህ?» ሲሉ ከኋላዋ ይሰማታል።

ሁለቱም የሚኖሩት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ስለዚህ ቀን ያላለቀው ማታ ሰርቪስ ውስጥ ይቀጥላል። መኪናው መገናኛ ላይ ተገትሮ፣ ሳምራዊት ራሷን መስኮቱ ላይ ደግፋ የተኛች መስላ፣ አቶ አብዱልገኒ መነጽራቸውን አድርገው ከስልካቸው ያነባሉ። ሹፌሩ ሐሩን ኮምፒውተር የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። «ጋሽ፣ እኔን ምን አገባኝ?» ቢላቸው፣ «ኮምፒውተር ባይኖርህ ኮምፒውተር ያለው ዘመድ አታጣም» አሉት። ሐሩንም ዕለቱኑ ኮምቦልቻ ላለው የአጎቱ ልጅ ደወለ።

አንድ ጊዜማ «ቫይረሱ በበዓሉ ዋዜማ ይነሳል፤ የበራ ነገር ሁሉ ያልቃል» የሚል መጣላቸው። ሠራተኛው ዶሮ ሊገዛ ሲጣደፍ፣ አቶ አብዱልገኒ ከሁሉ ኋላ ቀርተው በየክፍሉ እየዞሩ ሶኬት ነቀሉ። የሻይ ክፍሉን ፍሪጅ ጭምር ነቅለውታል። ከበዓል መልስ በሩ ሲከፈት የወጣውን ሽታ ያልሰማ አይመስክር። «ኮምፒውተሮቹ ግን ደህና ናቸው፤ አይደለም ወይ?» አሉ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው። ደህና ነበሩ፤ ምን ይባላል!

ሳምራዊት ያልሞከረችው የለም። ቀስ ብላ አስረዳች፤ ተቆጣች፤ ለመነች። በመጨረሻ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ፣ ሻይና ቦምቦሊኖ አስቀርባ፣ ሥልጠና ሰጠች። «የውሸት ማስጠንቀቂያ ሲታይ ያስታውቃል» አለች። «የጻፈው ሰው ስም የለውም። ቀንም የለውም፤ ‹ከነገ ጀምሮ› ይላል፤ ያ ነገ ከስንት ዓመት በፊትም ነገ ነበር። የሚያስፈራራው ብዙ፣ የሚነግረው ጥቂት ነው። ቃለ አጋኖው ከቃሉ ይበልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለሁሉ ላኩ ይላችኋል። እውነተኛው ቫይረስ እሱ መላኩ ነው፤ ኮምፒውተር አይበላም፣ የሰው ጊዜ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለ ሲመጣ ለማንም አትላኩ፤ እኔን ጠይቁኝ።» አቶ አብዱልገኒ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው «እውነትሽን ነው፤ እውነትሽን ነው» እያሉ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አረፈዱ። ሳምራዊት ልቧ ሞላ።

ከሰዓት በኋላ ኢሜይሏን ብትከፍት «አደራ! አደራ! አደራ!» ጠበቃት። ውስጡን ስታየው፣ ለምሳሌ ብላ ግድግዳው ላይ ያሳየችው፣ ራሷ ቁጭ ብላ የፈጠረችው የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው። አቶ አብዱልገኒ በስልካቸው ፎቶ አንስተውት ኖሯል። ከሥሩም «ይህንን የአይቲ ክፍላችን አረጋግጧል» ብለው ጨምረውበታል። ወይ ጉድ! ሳምራዊት ግንባሯን ኪቦርዱ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየች።

ቀስ በቀስ ሰዉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ክቡርነታቸው ይልካሉ፣ ሰዉ ሳያነብ ያጠፋል፣ ሥራው ይቀጥላል። እንዲህ እንዳለ ጡረታቸው በሰላም በደረሰ ነበር። ግን ፈሂማ ተቀጠረች። ፈሂማ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የድርጅቱን የጋራ ኢሜይል የምትከፍተውም እሷ ናት። ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ስለነበር ለመሰልቸት ጊዜ አላገኘችም።

አሁን ልብ በሉ። ጭነት ቦሌ ሲገባ፣ ያመጣው አየር መንገድ «አራይቫል ኖቲስ» የሚል ኢሜይል ይልካል፤ ዕቃችሁ ደርሷል፣ ኑ ውሰዱ ለማለት ነው። የትራንዚት ድርጅት እንጀራው ይህ ኢሜይል ነው። በዚያ ሰሞን ለአቶ አብዱልገኒ የደረሳቸው ማስጠንቀቂያ ደግሞ «አራይቫል ኖቲስ የሚል ኢሜይል ካያችሁ ሳትከፍቱ አጥፉ፤ አዲሱ ቫይረስ እሱ ነው» ይላል። ዳቦ ጋጋሪን ዱቄት እንዳትነካ ማለት እኮ ነው! እሳቸው ራሳቸው ሳያመነቱ አልቀሩም። ግን «የኛን እኔ በመልኩ አውቀዋለሁ» ብለው ለሁሉም ላኩት፤ ለራሳቸው የገባቸው ለሌላውም የገባው መሰላቸው። ፈሂማ መልኩን ከየት ታውቀዋለች? አንድ አባት የሚሆኑ ሰው አደራ ብለዋታል። በዚያን ቀን የመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋች።

ከጠፉት ውስጥ ለአንድ የቢሾፍቱ ዶሮ አርቢ የመጡ ጫጩቶች ይገኙበታል። ጫጩት እንደ ጎማ አይደለም፤ መጋዘን ውስጥ ተቀመጥ ቢሉት አይቀመጥም። በማግስቱ ከጭነት አዳራሹ አንድ ሰው ደወለ፤ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጫጩቶቻችሁ ጆሯችንን አደነቆሩት! ባለቤት የላቸውም ወይ?» አቶ አብዱልገኒ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ጥለው እንደ ጎረምሳ ሮጡ። ሰነዱን በአንድ ትንፋሽ ጨርሰው ካርቶኖቹን እየታቀፉ አወጡ። ጥቂቶቹ ሞተዋል፤ የሚበዙት ተርፈዋል። አርቢው ጮኸ፤ እሳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አፉ በሉኝ፣ አፉ በሉኝ» አሉ። ኋላ በረደለት።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት! አቶ አብዱልገኒ ግን ጸጸቱ አላስቀምጥ አላቸው። በነጋታው ለሠራተኛው ሁሉ፣ ለደንበኛውም ሁሉ፣ አንድ ኢሜይል ወጣ፤ «አደራ! አደራ! አደራ! በላክሁት አደራ ምክንያት የአላህ ፍጥረት ሞቷል። እኔ የላክሁላችሁን አትመኑ። ለምታውቁት ሁሉ አስተላልፉ።» ስለ ጫጩቶቹ ያልሰማ ደንበኛ ሁሉ ሰማ። ስልኩ እስከ ምሳ ሰዓት አላቆመም።

ሥራ አስኪያጁ ዓንዶም ሳምራዊትን አስጠራት። ገና ወጣት ነው፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል።

«ኢሜይላቸውን ዝጊው» አላት።

«የጋሽ አብዱልገኒን?»

«ዛሬውኑ።»

«ኢሜይል ከሌላቸው ሰነዱን በምን ይሠሩታል?»

«አይሠሩትም። ጡረታቸው እስኪወጣ ቤታቸው ይረፉ።»

«ታዲያ ራስህ ንገራቸዋ!»

ዓንዶም ወደ መስኮቱ ዞረ። «እኔማ እንዴት ብዬ? ሚስቴን ያገኘሁት እሳቸው ሽማግሌ ሆነው ደጅ ጠንተውልኝ አይደል? አንቺ ዝጊው። ሲዘጋ ይገባቸዋል።»

ሳምራዊት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ኮምፒውተሯ ላይ ስማቸውን ፈልጋ አገኘች። አንድ ጊዜ ብትጫነው ያልቃል፤ ያ ስንት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ዝምታ ይመጣል። ግን ቤታቸው ይረፉ የተባሉት ሰው ቤት ማን አለ? ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። እኚህ ሰው ጠዋት «ደረሰሽ?» የሚሉት ሰው ካጡ አንድ ክረምት አይዘልቁም። ይህን እያወቀች እጇ እምቢ አላት። ተነሥታ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደች።

«ጋሽ፣ ለምንድን ነው የሚልኩት? ውሸት መሆኑን ስንቴ ነገርኩዎት?»

«ነግረሽኛል።»

«አላመኑኝማ!»

«ወላሂ አምኜሻለሁ። ግን አደራ ይላል።» ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሳምሪዬ፣ ሰው አደራ ካለኝ በኋላ ምን ላድርግ? አደራ እንዴት ይበላል?»

«ላኪውን እኮ አያውቁትም!»

«አደራ የሚልሽን ሁሉ ታውቂዋለሽ? መናኸሪያ ላይ አንዲት የማታውቂያት ሴት ‹ይቺን ዘንቢል እይልኝ› ብትልሽ ጥለሻት ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም።»

«ታዲያስ!»

ሳምራዊት አሁን ገባት። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ቫይረስ ስታስተምር ኖራለች፤ የሰውዬው ችግር ግን መች ቫይረስ ሆነና! ነገሩ የተበላሸው አንዱ ሥራ ፈት ከፈረንጅ አገር የመጣውን «ለሁሉም ላኩ» በአማርኛ «አደራ» ብሎ የተረጎመው ዕለት ነው። ላክ ሲሉት እምቢ የሚል ሰው ሞልቷል። አደራ ተብሎ እምቢ የሚል ግን በዚህ አገር ስንት አለ? አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እየተባለ ያደገ ሰው፣ አደራ በላ ከሚባል ሌባ ቢባል ይመርጣል።

«እንግዲያው እኔም አደራ ልስጥዎት» አለች።

«አንቺ? ምን?»

«ከእንግዲህ የሚመጣልዎትን ማስጠንቀቂያ ሁሉ መጀመሪያ ለእኔ ያሳዩኝ። እኔ እውነት ነው ሳልል ለማንም እንዳይልኩ። አደራ፣ ጋሽ። በአላህ አደራ።»

አቶ አብዱልገኒ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉት። «ከባድ ጣልሽብኝ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ላንቺ ካደረስኩ፣ አደራው ደርሷል ማለት ነው? ከእኔ ይወርዳል?»

«ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ በእኔ አንገት።»

«እሺ። በእኔም ይሁንብኝ» አሉ።

ዓንዶም ግን ሄዳ ስትነግረው በቀላሉ አልተመለሰም። «ዋስ ትሆኛለሽ?» አላት። «እሆናለሁ» አለች፤ አፏ ነው የቀደማት። «እንግዲያው ስሚ፣ አንዲት ኢሜይል ለደንበኛ ብትወጣ የምሸኘው እሳቸውን ብቻ አይደለም።» ሳምራዊት ገብቷታል። እናቷም እሷም የሚኖሩት በእሷ ደመወዝ ነው፤ እየወጣች «ምን ነካኝ?» አለች ለራሷ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ዐረፈ፤ ሳምራዊት ግን አለቀች። አቶ አብዱልገኒ ቃላቸውን ጠበቁ። ጠዋት ይመጣሉ፣ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ፣ ሰርቪስ ውስጥ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ለሁሉም ይከፋፈል የነበረው አሁን በእሷ ብቻ ወረደ። ያነቡላታል፤ «ውሸት ነው፣ ጋሽ» ትላለች፤ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላሉ፤ «እርግጠኛ ነኝ»፤ «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ባልደረቦቿ «ጋሽ አብዱልገኒ ልብ ገዙ» እያሉ ያደንቃሉ። ልቡን የገዙት በማን ኪሳራ እንደሆነ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ክረምቱ ሲገባ ሳምራዊትን ታይፎይድ ጣላት። አራብሳ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኛች። ሐኪሙ ዕረፍት ብሏታል፤ ግን ዕረፍት ከየት ይምጣ? ከትኩሳቱ ይልቅ ሥጋቱ ነበር እንቅልፍ የነሳት። አቶ አብዱልገኒ አሁን ለማን ያሳያሉ? ያ አደራ እዚያ ሆዳቸው ውስጥ ሲያላውሳቸው ስንት ቀን ይችሉታል? በየደቂቃው ስልኳን አንሥታ ኢሜይሏን ታያለች። እናቷ ስልኩን ሊነጥቋት ቢሞክሩ አልሰጥም አለች።

ሐሙስ ዕለት የፈራችው መጣ። ከእሳቸው አልነበረም፤ ሌላ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ያሉ ሌላ ክቡር አስጠንቃቂ ለሚያውቁት ሁሉ የላኩት ነው። አደራው ሦስት ጊዜ፣ ቀለሙ ቀይ። ከተላከላቸው ስሞች መጀመሪያ ላይ ያለው የአቶ አብዱልገኒ ነው። ሳምራዊት ወዲያው ደወለችላቸው፤ አያነሡም። ደግማ ደወለች፤ አያነሡም። አበቃልን አለች። ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ከእሳቸው የምትወጣውን ያቺን ኢሜይል ስትጠብቅ ዋለች። አልመጣችም።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ።

«አይ አራብሳ! አይ ደረጃ!» አሉ አቶ አብዱልገኒ እያለከለኩ። ዝናብ መቷቸዋል፤ በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል። «አላህ ያሽርሽ፣ ልጄ። ምነው እንዲህ መነመንሽ?»

እናቷ ወንበር አቀረቡላቸው። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ሐሩን መኪና ጎማ አወሩ፤ ፈሂማ ሥራውን እንደለመደች አወሩ። ብርቱካን ላጡላት። ስለዚያ ነገር ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። እጃቸው ብቻ በየመካከሉ ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ ስልካቸው ይሄድና ባዶውን ይመለሳል።

«ጋሽ» አለች ሳምራዊት፣ «ዛሬ ምንም አልመጣም?»

«ኧረ ምንም!» አሉ ቶሎ ብለው። «ሰላም ነው። ቫይረሱም ክረምቱን ያረፈ ይመስላል። አንቺ ብቻ ተኚ።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እሷን ሳይሆን ብርቱካኑን ነው።

ሳምራዊት አየቻቸው። እኚህ ሰው መዋሸት አይችሉበትም። ስማቸውን መጀመሪያ ላይ በዓይኗ አይታዋለች፤ ደርሷቸዋል። የላኪውንም አደራ፣ የእሷንም የማሳየት አደራ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ በልተው ነው እዚህ የተቀመጡት። ዕድሜ ልካቸውን ያልደፈሩትን፣ የታመመች ልጅ ትንሽ እንድታርፍ ብለው ደፈሩት። ፊታቸውም ደህና አልነበረም፤ ከእሷ ይልቅ እሳቸው የታመሙ ይመስሉ ነበር። አንጀቷን በሉት።

«ስልክዎን ያውጡት፣ ጋሽ።»

«ተይ እንጂ፣ አሞሻል እኮ!»

«ያንብቡልኝ። ካልሰማሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።» ይህን ያለችው ለእሳቸው ብላ ነበር፤ ካለችው በኋላ ግን እውነቷን መሆኑ ገረማት።

አቶ አብዱልገኒ መነጽራቸውን አደረጉ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ድምፃቸው እየሞላ፣ አንዲት ቃለ አጋኖ ሳያስቀሩ አነበቡላት። ፊታቸው በራ። ሲጨርሱ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት።

«ውሸት ነው፣ ጋሽ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ከደረታቸው ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ስልኩን ግን ወደ ኪሳቸው አልመለሱትም። በእጃቸው ያገላብጡት ጀመር።

«ምነው፣ ጋሽ?»

«አይ... ከተኛሽበት ቀን ጀምሮ የተጠራቀሙ አሉ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትንሽ በዛ ይላሉ። ሲሻልሽ ይደርሳል።»

ሳምራዊት ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ከመጀመሪያው ይጀምሩ» አለቻቸው።